ልጅ ያቦካውን እስቲ እንቅመሰው፦ ስለ ሞተር ትሪያል ምዝገባ ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ጎንደር ውስጥ ሞተር ለሚወድ ሰው ሁሉ አንዲት ጽሑፍ እየደረሰችው ነው። ለእኔ አራት ጊዜ ተልካልኛለች። ከላኪዎቹ አንዷ እናቴ ናት፤ «ይቺ ያንተን ጉድ ነው መሰለኝ የምታወራው» ብላ። እውነቷን ነው። እኛ ጥቂት ሰዎች ከአንገረብ ወንዝ ማዶ ባለው ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ በጋው ሳያልፍ ልናካሂድ ስላሰብነው ትንሽ የሞተር ትሪያል ውድድር ነው የምታወራው።

ላላነበባት ባጭሩ። ጸሐፊው መንጃ ፈቃድ የሌለው ልጅ አይመዝገብ ይላሉ። መንገዱም ክፍያውም ለሁሉም አንድ ይሁን፣ ፍትሕ ማለት እሱ ነው ይላሉ። ምዝገባው ቀድሞ ለደወለ ይሁን። በፋብሪካ ለትሪያል የተሠራ፣ ያውም የራሱ የሆነ ሞተር የሌለው አይምጣ። ለልጆች ዕቃ ማዋስና ክፍያ መቀነስ ደግሞ ጥገኝነት ማስተማር ነው። ስለ ሴቶች ልጆችም አንድ አንቀጽ አለች። ማሰሪያው ላይ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የምትለዋን ተረት አስቀምጠው ሄደዋል።

ጸሐፊውን አውቃቸዋለሁ። ታላቄ ናቸው። እኔ ገና ብስክሌት በሰዓት እየተከራየሁ ስጋልብ እሳቸው ሊማሊሞን በሞተር ወጥተው የወረዱ ሰው ናቸው። ስለዚህ ጋሼ እያልኩ ነው የምመልሰው፣ ግን አላለሳልስም።

ከሥሩ ልጀምር፣ ምክንያቱም የጋሼ ክርክር ሁሉ የቆመው አንድ መምታታት ላይ ነው። ትሪያልን እሽቅድድም አድርገው ነው ያሰቡት። ትሪያል ላይ ቀድሞ የገባ አያሸንፍም። ድንጋይ፣ የዛፍ ሥር፣ ጭቃ፣ የወንዝ ዳር ያለበት አስቸጋሪ ቦታ ተመርጦ በገመድ ይከለላል፤ ሴክሽን እንለዋለን። ነጂው እግሩን መሬት ሳያስነካ ከመግቢያው እስከ መውጫው ማለፍ አለበት። አንዴ ካስነካ 1፣ ሁለቴ ካስነካ 2፣ ሦስቴና ከዚያ በላይ 3። ከወደቀ፣ ከገመዱ ከወጣ ወይም መጨረስ ካቃተው 5። ምንም ካላስነካ ዜሮ፣ እኛ «ንጹህ» እንለዋለን። ትንሽ ነጥብ የያዘ ያሸንፋል። እያንዳንዱ ሴክሽን ላይ አንድ ታዛቢ ቆሞ እግር ይቆጥራል። ሞተሩ ራሱ መቀመጫ የሚባል ነገር የለውም፣ ቆመህ ነው የምትነዳው፤ ብዙውን ጊዜም ሰው በእግሩ ከሚሄድበት ፍጥነት ብዙ አይበልጥም። ጉልበት ሳይሆን ሚዛን፣ ዓይን እና ፍሪሲዮን (ማርሽ ሲቀየር በግራ እጅ የሚጨበጠው) ላይ ያለች አንዲት ጣት ናት ሥራውን የምትሠራው።

አሁን ወደ መንጃ ፈቃዱ። ጋሼ፣ መንጃ ፈቃድ የሚያሳየው ሰውየው የመንገድ ምልክት እንደሚያውቅ፣ ከባጃጅ ጋር ሳይጋጭ ፒያሳን ዞሮ እንደሚወጣ ነው። በገመድ የተከለለ ቁልቁለት ላይ ባጃጅ የለም። «ስኮትላንድ በሚካሄደው የስድስት ቀን ትሪያል እንኳ መንጃ ፈቃድ ይጠየቃል» ብለዋል። ይጠየቃል፣ ልክ ነዎት። ግን ለምን እንደሚጠየቅ አልጻፉም። መነሻው እ.ኤ.አ. 1909 የሆነው ያ ውድድር ዛሬ ፎርት ዊሊያም የምትባል ከተማን ማዕከል አድርጎ ነው የሚካሄደው፤ ነጂዎቹ ከአንዱ ሴክሽን ወደ ሌላው የሚሄዱት ደግሞ በሕዝብ መንገድ፣ ከመኪና ጋር እየተላለፉ ነው። ፈቃዱ ለመንገዱ ነው እንጂ ለድንጋዩ አይደለም። እዚያው ብሪታንያ በተከለለ የግል መሬት ላይ የሚደረግ የልጆች ትሪያል ሞልቷል፤ ስድስትና ሰባት ዓመት የሆናቸው ሕፃናት ሳይቀሩ በትንንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ይገባሉ። መንጃ ፈቃድ የሚጠይቃቸው የለም።

ስለዚህ እኛ ያወጣነው ደንብ እንዲህ ይላል። ልጅ ሞተሩን ከአዘዞ እየነዳ አይመጣም። ሞተሩ በፒካፕ ይጫናል፣ ያ ካልተገኘ ጠፍቶ እየተገፋ ይመጣል። ነድቶ የመጣ ልጅ ያን ቀን አይወዳደርም፤ የእህቴም ልጅ ቢሆን።

«ልጅ ቢሰበርስ?» ያሏት መስመር ግን ልክ ናት፣ እዚህ ጋ እጄን እሰጣለሁ። ቀስ ብሎ መሄድ ማለት አለመጎዳት አይደለም። ሞተር እግር ላይ ሲተኛ ፍጥነቱን አይጠይቅም፤ የእኔ ግራ ቁርጭምጭሚት እስከ ዛሬ ክረምት ሲገባ ይነግረኛል። ሄልሜት፣ ጓንት፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ ግዴታ ነው። የወላጅ ፊርማም ግዴታ ነው፤ ፈርሞ ቡና ሊጠጣ የሚሄድ ወላጅ ሳይሆን ገመዱ ዳር የሚቆም። ሌላው፣ በትሪያል ዓለም የተለመደች አንዲት ገመድ አለች፤ አንዱ ጫፏ የነጂው እጅ አንጓ ላይ ትታሰራለች፣ ሌላው ሞተሩ ላይ። ነጂው ሲወድቅ ገመዷ ትነቀልና ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል። ይህቺን ማንኛውም የኤሌክትሪክ ሥራ የሚችል የጋራዥ ልጅ በግማሽ ቀን ይሠራታል። ያለሷ አዋቂም አይገባም፣ እርስዎም ጭምር።

ሁለተኛው ነጥብዎ ነው ትንሽ ያናደደኝ። «አንድ መንገድ፣ አንድ ክፍያ፣ ፍትሕ»። ሲነበብ ያምራል። ግን እስቲ ቁልቁለቱ ላይ ያስቡት። ሦስተኛው ሴክሽን ላይ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ ቋጥኝ አለ። ለእኔ ጉልበት ነው፣ ለ12 ዓመት ልጅ ግን ጭኑ ድረስ ነው። ሁለታችንንም በዚያው ቋጥኝ ላይ ልቀቁን ቢሉ አንድ ዓይነት ፈተና አልፈተኑንም፤ እኔን ፈትነው እሱን ቀጥተውታል። አሥሩንም ሴክሽን አምስት አምስት ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ የሚቀጥለው ወር አይመጣም፣ በቃ አለቀ።

የትሪያል ሰዎች ይህን ከጥንት ፈትተውታል። መንገዱን ሳይሆን በሮቹን፣ ማለትም ነጂው የሚያልፍባቸውን ምልክቶች፣ ይለያሉ። አንድ ሴክሽን ነው፣ ገመዱ አንድ ነው፣ ታዛቢውም አንድ ነው፤ ግን ድንጋዮቹ ላይ ባለተለያየ ቀለም ምልክት ይደረጋል። አንዱ ቀለም ቋጥኙ ላይ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ አንዱ በጎኑ ይዞራል፣ አንዱ ከሥሩ ጠጠሩን ይዞ ያልፋል። ሁሉም የተመዘገበበትን ቀለም ይከተላል። የዓለም ሻምፒዮናውም ቢሆን ሁሉንም አንድ ላይ አይደፈጥጥም፤ ትሪያል ጂፒ፣ ትሪያል 2፣ ትሪያል 3፣ የሴቶች እያለ ይከፍላል። እነ ቶኒ ቡ (ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዋንጫውን ለማንም ያላስነካው ስፔናዊ) የሚወጡትን ግድግዳ ለጀማሪ ወጣት አይሰጡትም። ያ አድሎ ከተባለ ትምህርት ቤትም አንደኛ ክፍልን ከስምንተኛ ለይቶ በማስተማሩ ይከሰስ።

አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ልጆቹን በዕድሜ ብቻ መክፈልም አልወድም። አንድ የ16 ዓመት ልጅ ትናንት ሞተር የነካ ሊሆን ይችላል፤ አንዷ የ13 ዓመት ልጅ ደግሞ ሦስት ዓመት ብስክሌት በድንጋይ ላይ ስታዘልል የኖረች። ስለዚህ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ሁለት ቀላል ሴክሽን እናስነዳቸዋለን፣ እዚያ ላይ ባየነው ቀለማቸውን ይይዛሉ። ከአቅሙ በታች ተመዝግቦ ዋንጫ ሊለቅም የሚፈልግ አዋቂ እንዳለም አውቃለሁ። እሱን ወደ ላይኛው ቀለም እናሳድገዋለን። ደስ አይለውም። አይበለው።

ቀድሞ ለደወለ ያሉት ደግሞ ለማን እንደሚጠቅም ያስቡ። ስልኩ የእናቱ ነው፣ እናቱ ቅዳሜ ገበያ ናት፣ ቁጥራችን የተለጠፈው ጋራዥ በር ላይ ነው። ልጁ ስልኩን እስኪያገኝ ቦታው ያለቀ ነው። ቦታ መገደባችን አይቀርም፣ ይህን ደብቄ አላወራም፤ ሒሳቡ ቀላል ነው። አሥር ሴክሽን ሦስት ዙር ይነዳል፤ ለአንድ ሰው 30 ሙከራ። 40 ሰው ከተመዘገበ አንድ ታዛቢ 120 ሰው ሲያልፍ ያያል። ለአንዱ አንድ ደቂቃ ተኩል ቢይዝ ሦስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ እግር መቁጠር ነው። 80 ሰው ካስገባን ስድስት ሰዓት፤ የሚቆምልን ሰው አናገኝም። ስለዚህ 40። ከ40ው 14ቱ ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ይያዛል፣ እስከ ዋዜማው ካልሞላ ይለቀቃል። የቀረው በዕጣ። ዕጣው እርስዎ እንደሚሉት እኛ የፈጠርነው ዘዴ አይደለም፤ ያ የሚያደንቁት የስኮትላንድ ውድድር ራሱ አመልካቹ ከቦታው ስለሚበልጥ ዕጣ ያወጣል።

የራሱ የትሪያል ሞተር የሌለው አይምጣ ያሉትን ሳነብ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ግን ትዝታዬ መጣ። የ17 ዓመት ልጅ ሆኜ አንድ የሞተር ትርኢት ላይ ልመዝገብ ሄጄ «ሊብሬው በማን ስም ነው?» ተባልኩ። ሞተሩ የአጎቴ ነው። ሄልሜቴን በእጄ እንደያዝኩ በእግሬ ወደ ቤት ተመለስኩ። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ነው ያደረጉት። ወረቀቱን የጻፈው ግን ሞተር ያለው ሰው ነው።

አሁን ጎንደር ላይ ስንት እውነተኛ የትሪያል ሞተር አለ? ሞንቴሳ፣ ጋስጋስ፣ ቤታ፣ ሼርኮ የሚባሉትን ልጆቻችን የሚያውቋቸው ከስልክ ላይ ነው። ያለን ቦክሰር፣ አፓቼ፣ እና ከመሥሪያ ቤት በሐራጅ የወጡ የድሮ ያማሃ ዲቲዎች ናቸው። ከእነሱ ውስጥ ለዚህ ሥራ የምትቀርበው ዲቲ ናት፤ ከፍ ያለች፣ ከሥር ገብቶ ለመሥራትም የምትመች። ልዩነቱን አልክድም። የትሪያል ሞተር 70 ኪሎ ገደማ ነው፣ የእኛዎቹ ከ100 ያልፋሉ። የእሱ የኋላ ጎማ የሚነፋው በጣም በትንሽ አየር ነው፣ ድንጋዩን እንደ እጅ እንዲጨብጠው። የእኛን እንደዚያ ብናወርደው ከመነዳሪው ተቆንጥጦ ይፈነዳል። አንድ ጎሚስታ አየሩን ግማሽ አውጣልኝ ስለው «ታመሃል?» ብሎኛል።

ግን ትሪያል ራሱ ከፋብሪካ ልዩ ሞተር ይዞ አልተወለደም። ሰዎች በተርታ የመንገድ ሞተር ነበር የሚወዳደሩት። ሳሚ ሚለር የሚባለው ትልቁ የሰሜን አየርላንድ ሰው ስሙን የተከለው 500 ሲሲ (ሲሲ የሞተር መጠን መለኪያ ነው) በሆነ አሪየል የሚባል ከባድ ሞተር ላይ ነው፤ ከባዱን ዕቃ በቀላል እየለወጠ፣ እያንዳንዷን ግራም እየላጨ። ቀላሉ ቡልታኮ የሚባለው ሞተር የመጣው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው። የእኛ ልጆች ጋራዥ ውስጥ የሚሠሩት ያንኑ ነው። የማይፈለገውን ሁሉ ይፈታሉ፦ መብራት፣ ዕቃ መጫኛ፣ የጎን ክዳን። ፒኞኗን (ሰንሰለቱን የምታዞረውን ትንሿን ባለጥርስ) በአንድ ጥርስ ያነሰች ያደርጋሉ፣ ያኔ አንደኛ ማርሽ ላይ እንደ ኤሊ ትሄዳለች። ከዚያ መሪውን ከፍ ያደርጋሉ። አንዱ ልጅ መቀመጫውን አውልቆ በቦታው የታጠፈ ላሜራ አድርጓል፤ ከሩቅ ሲያዩት በእርግጥም ትሪያል ትመስላለች፣ ሲጠጉ ግን የአምባሻ መጋገሪያ።

ሌላም እርስዎ ያላነሱት ነገር አለ። በአውሮፓ ልጆችን ሲከፍሉ ሲሲውንም ያያሉ። እኛ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር አልፈን ነው የምንኖረው። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩም ትንፋሽ ያጥረዋል፤ በየ1,000 ሜትሩ በግምት አንድ አሥረኛ ጉልበት ይሄዳል። ካርቡራተሩ ካልተስተካከለ ደግሞ ቤንዚን ይበዛበትና ካንዴላው ይጠቁራል። እዚያ 125 የሚባለው እዚህ 125 አይደለም። ስለዚህ ከሌላ አገር ደንብ ላይ የሲሲ ሰንጠረዥ ገልብጦ ማምጣት አይሠራም። ባለ ባትሪው ሞተር ግን አየር አይፈልግም፣ ጎንደርም ሆነ ደባርቅ ለእሱ አንድ ነው። ኦሴት የሚባለው የልጆች ኤሌክትሪክ ትሪያል የተጀመረው አንድ አባት ለልጁ ብሎ ከሠራው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ትራያምፍ የሚባለው የሞተር ፋብሪካ ድርጅቱን ገዝቶታል። እዚህ ስንቱ ባለሙያ የባጃጅና የስኩተር ባትሪ ሲፈታና ሲገጥም ይውላል። አንድ የብስክሌት ፍሬም ላይ ቢሞክሩትስ? መብራት ካለ ማለቴ ነው። በዚያ ላይ ለቤንዚን ተሰልፎ ወይ በሃይላንድ ተገዝቶ ልጅ ከማለማመድ ይሻላል።

ደግሞ ብስክሌቱንም አይናቁት። ቶኒ ቡ ራሱ በልጅነቱ በብስክሌት ትሪያል ነው የጀመረው። እኛም አንድ ቀለም ለብስክሌት ብቻ ትተናል። ከዚህ የረከሰ መግቢያ የት ይገኛል?

እንግዲህ ጥገኝነት። ልጅ ሄልሜት ከተዋሰ፣ ሁለት ልጆች በአንድ ሞተር በየተራ ከነዱ፣ 3,000 ብር ያሉት ክፍያ ለልጅ ከቀረለት ለማኝ ይሆናል የሚል ነው። ጋሼ፣ ይህን የጻፉት ጎንደር ላይ ቁጭ ብለው ነው? የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ እየለመነ፣ የሰጠነውን ቁራሽ በአኮፋዳው ይዞ እየሄደ አይደለም እንዴ ቅኔውን የዘረፈው፣ ትርጓሜውን የተማረው? እናትዎ ያን ቁራሽ ሲሰጡ «ጥገኛ እያደረግሁት ነው» ብለው ያውቃሉ? ሊቅ ስናወጣበት የኖርንበትን ነገር ለሄልሜት ስናደርገው ነው ነውር የሆነው።

ደግሞም በነፃ የሚሰጥ የለም። ክፍያው ለገመድ፣ ለውኃ፣ ለመጀመሪያ ዕርዳታ ሰጪው፣ ለታዛቢዎች ምሳ ነው የሚሄደው። አዋቂው በብር ይክፈል። ልጁ በጉልበት ይከፍላል፦ ከዋዜማው ጀምሮ ገመድ ይወጥራል፣ ቀለም ይቀባል፣ በማግስቱ ቆሻሻ ይለቅማል፣ በሌላ ቀን ልምምድ ላይ ታዛቢ ሆኖ ይቆማል። እመኑኝ፣ ታዛቢ ሆኖ የቆመ ልጅ ከነዳው የበለጠ ይማራል። 40 ሰው አንዱን ድንጋይ እንዴት እንደሚያልፍ እያየ ይውላላ! የገበሬዎቹን ማሳ እንዳይረግጥ፣ ከአብያተ መንግሥቱና ከቁስቋም ፍርስራሽ አጠገብ ሞተር እንዳያስነሳ የሚነገረውም ያኔ ነው። አዋቂዎቹ ይህን ቢማሩ ጥሩ ነበር፣ እሱን ለሌላ ቀን።

አንድ እውነተኛ ችግር ግን አለ፣ እርስዎ ባያነሱትም እኔ ላንሳው። ተውሶ ሞተር የያዘ ልጅ ሲሰብረው ማን ይከፍላል? እስካሁን ያሰብነው መልስ የሁላችንንም ልብ አላረካም። ለጊዜው አንድ ሳጥን አለች፣ እያንዳንዱ አዋቂ ተመዝጋቢ ትንሽ ይጨምርባታል፣ ፍሬን መያዣና የፍሪሲዮን ገመድ ከእሷ ይገዛል። ሞተሩ ራሱ ቢሰነጠቅ ሳጥኗ አትችለውም። ሐሳብ ካለዎት እዚህ ላይ ነበር የምንፈልግዎት።

ስለ ሴቶች ልጆች የጻፉት አራት መስመር ስለሆነ እኔም አላረዝምም። «ጉልበት አይበቃቸውም፣ ለብቻቸው ሌላ ቀን ይሰጣቸው» ነው። ላያ ሳንዝ የምትባል የስፔን፣ የካታሎኒያ ልጅ እ.ኤ.አ. በ2000 የሴቶች የትሪያል ዓለም ሻምፒዮን ስትሆን 14 ዓመቷ ነበር። ከዚያ እስከ 2013 ድረስ ከ14ቱ ዋንጫ 13ቱን ወሰደች። በኋላም ዳካር ራሊ በሚባለው ረጅም የበረሃ ውድድር ላይ በሞተር ገብታ በ2015 ከወንዶቹ ጋር ዘጠነኛ ወጥታለች። የእኛዎቹ ልጆች ሌላ ቀን አያስፈልጋቸውም፤ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሴክሽን ያልፋሉ። የራሳቸው ነጥብ ዝርዝር እና የራሳቸው ዋንጫ ይኖራቸዋል፣ ከፈለጉ ደግሞ በጠቅላላው ውስጥም ይቆጠራሉ። ልብስ መለወጫ ቦታ እንዲኖር ድንኳን ተውሰናል። ይህቺን ያሰበችው አንዷ እናት ናት፣ እኛ ወንዶቹ አላሰብናትም።

ተረትዎን ደግሞ አልተውኩም። ልጅ ያቦካው ለራት ያልበቃው ዱቄቱን ቆጥበው ስለሚሰጡት ነው። ይኼው 14 ቦታ፣ አንዲት ሳጥን፣ ሁለት የተዋስናቸው ሄልሜቶች። በዚህ ዱቄት ራት አይወጣም፣ መክሰስ ግን ይወጣል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ የመጣሁበትን ልንገርዎት። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ልምምድ አለን። ዘጠኝ ታዛቢ አግኝተናል፣ አንድ ጎድሎናል። ባዶ የሆነው አራተኛው ሴክሽን ነው፣ ከወንዙ ወጣ ብሎ ግራር የሌለበት ጎን። በእርስዎ ዓይን እግር ሲቆጠር ማየት እፈልጋለሁ። ጥላ ስለሌለ ባርኔጣ ይያዙ፤ እስክርቢቶ እኔ አመጣለሁ።